ክፊር እና ኤፍ-2፦ ከሰው ንድፍ የተወለዱ ሁለት ተዋጊ ጄቶች

ሁለቱም ከውጭ አገር ንድፍ ተነስተዋል፤ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የእስራኤሉ ክፊር ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1967 የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ስትጥል እስራኤል የከፈለችባቸው የፈረንሳይ ሚራዥ 5 ጄቶች ቀሩባት። በኋላ በሚራዥ አካል ላይ የአሜሪካውን ፋንተም ተዋጊ ጄት ሞተር፣ ጄ79ን፣ ገጠመችበት። ሲያወሩት ቀላል ይመስላል። ሞተሩ ግን የበለጠ ይሞቃል፤ ብዙ አየርም ይፈልጋል። ስለዚህ የአየር ማስገቢያዎቹ ሰፉ። በጭራው ግርጌ ሌላ የአየር መሳቢያ ተጨመረ። የኋላ አካሉ አጠረ፤ የታይታኒየም ሙቀት መከላከያም ገባ።

ጃፓን ደግሞ ከአሜሪካ ጋር ተስማምታ የአሜሪካውን ተዋጊ ጄት ኤፍ-16ን ወደ ኤፍ-2 ቀየረችው። ክንፉ በ25 በመቶ ገደማ ሰፋ፤ በካርቦን ፋይበር ውህድም ተሠራ። ራዳሩ የራሷ ነው። ዋጋው ግን ሰማይ ነካ፤ ከሙከራ ጄቶቹ ውጭ የተመረቱት 94 ብቻ ናቸው።