ጫፉ ጎበጥ ያለው መርፌ፦ ከወራት በኋላ የምለው

ለመርፌም ግምገማ ይጻፋል እንዴ የሚል ሰው ካለ፣ መጀመሪያ አንድ ሙሉ የአልጋ ልብስ የኪሮሽ ካሬ ገጣጥሞ ይምጣና እንነጋገር።

የገዛሁት ሦስት መርፌ የያዘ ትንሽ ፓኬት ነው። ብረት ናቸው። ቀዳዳቸው ሰፊ፣ ጫፋቸው ደነዝ ነው። ከሌላው መርፌ የሚለያቸው ጫፋቸው ወደ ላይ ጎበጥ ማለቱ ነው። ዋጋው ከሁለት ጥቅል ክር በላይ ነበር። የሰማ ሁሉ "ለመርፌ?" አለኝ። አዎ፣ ለመርፌ።

ካሬ መሥራት ደስ ይላል። ቡና እየተጠጣ፣ ወሬ እየተወራ ይሠራል። ሰው የሚማረረው መግጠሙ ላይ ነው። ስንት ቤት ነው ካሬው ተሠርቶ አልቆ በፌስታል ታስሮ ቁም ሳጥን አናት ላይ የተጣለው! የእኔም እዚያው ነበር። ይህ መርፌ ነው ያወረደው።

የክር ነጋዴዎቻችን መልስ ይታወቃል። "እህቴ፣ መርፌ ያው መርፌ ነው፤ የጆንያውን ውሰጂ።" አይደለም ወንድሜ። የጆንያ መርፌ ጫፉ ሹል ነው፤ ክሩን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ይገባል። እንዲያ የገባ ክር ሲጎተት አይንሸራተትም። ይያዛል፣ ጠርዙን ያጨማድዳል። ደነዙ ጫፍ ግን ክሩን ሳይወጋ በኪሮሹ ስፌትና ስፌት መካከል ሾልኮ ያልፋል።

"እሺ፣ ቀጥ ያለ ደነዝ መርፌም እኮ አለ!" ይለኛል ደግሞ። አውቃለሁ፣ እሱም አለኝ። በቀጥታው መርፌ ለመስፋት ካሬውን አንስቶ ማጠፍ የግድ ነው። እየታጠፈ እየተዘረጋ የተሰፋ ጠርዝ ደግሞ እዚህ ጋ ላላ፣ እዚያ ጋ ጠበቅ ይላል። የጎበጠው ከሥር ይገባና ራሱ ቀና ብሎ ይወጣል። ካሬዎቹ ጠረጴዛ ላይ እንደተኙ ሥራው ያልቃል። ያልጠበቅኩት ይህንን ነው። ስገዛው ጉብጠቱ ለማሻሻጫ መስሎኝ ነበር።

እኔ እንዲህ ነው የምሰፋው። ሁለቱን ካሬዎች ፊታቸውን ወደ ላይ አድርጌ ጎን ለጎን አስተኛለሁ። በእያንዳንዱ የኪሮሽ ስፌት አናት ላይ ሁለት ክር አለ፣ የፊትና የኋላ። መርፌው የሚገባው ጠርዝ ለጠርዝ በሚነካኩት በኋለኞቹ ክሮች ብቻ ነው። አንዴ ከቀኙ፣ አንዴ ከግራው። አምስት ስድስት ስፌት ሳላጠብቅ እሄዳለሁ። ክሩ በሁለቱ መሀል እንደ መሰላል ይታያል። ከዚያ ቀስ አድርጌ ስስበው መሰላሉ ይሰወርና ሁለቱ ጠርዞች ይሳሳማሉ። የፊቶቹ ክሮች ሳይነኩ ስለሚቀሩ ግራና ቀኝ ሁለት ቀጭን መስመር ይሠራሉ። እንግዳ የሚያደንቀው እሱን ነው። ለአንድ መጋጠሚያ ከርዝመቱ ሦስት እጥፍ ያህል ክር ቁረጡ፤ መሀል ላይ ማለቅ ያበሳጫል።

በኪሮሹ ራሱ እየሳቡ መግጠምም አለ። ይፈጥናል፣ ሲበላሽም ሳብ ሲያደርጉት ይፈታል። ለቦርሳ ጥሩ ነው። ለአልጋ ልብስ ግን መስመሩ ወፈር ብሎ ይወጣል፤ እጃችሁ ጠበቅ የሚል ከሆነ ደግሞ አይለጠጥም። በዚህ ላይ ከብዙዎች ጋር ተከራክሬያለሁ፤ አልተሸነፍኩም።

አራት ካሬ የሚገናኙበት ማዕዘን ሁሌም ቀዳዳ ይፈጥራል። እዚያ ጋ ስደርስ መርፌውን በሰያፍ ወደ ማዶው ካሬ አሻግሬ እመልሰዋለሁ። ቀዳዳው ይዘጋል። በቀጥታው መርፌ ይህንን ለማድረግ አራቱንም ጨምድዶ መያዝ ነበረብኝ።

መርፌው የማያስተካክለው ነገርም አለ። ሦስት ሦስት ስፌት እየሆነ የሚሠራው የተለመደው ካሬ፣ በሦስት በሦስቱ መሀል የሰንሰለት ስፌት ካልገባበት፣ በስድስት ዙር በእያንዳንዱ ጎን 18 ስፌት ይኖረዋል። አንዱ ካሬ 17 ከሆነ መጋጠሚያው መጣመሙ አይቀርም። ከመግጠማችሁ በፊት ቁጠሩ። የጥጥና የሱፍ ክር ከሆነም ካሬውን አርጥባችሁ፣ ወጥራችሁ በስፒል አስይዛችሁ አድርቁት። ሰው ሠራሽ በሆነው በአክሪሊክ ክር ላይ ግን የጋለ ካውያ አታሳርፉ፤ ይቀልጣል።

ቅሬታ ካላችሁኝ፣ ወርቃማው ቅብ አብዝቼ ከምጠቀምበት መርፌ ላይ ለቋል። ነጭ ክር እንዳያቆሽሽብኝ ሰግቼ ነበር፤ አላቆሸሸም። የፕላስቲክ ማስቀመጫው ወዲያው ነው የተሰነጠቀው፤ አሁን በክኒን ብልቃጥ ነው የማኖራቸው። ወፍራም ክር እምቢ ሲላችሁ ጫፉን በምራቅ አታሹ። ክሩን መርፌው ላይ አጥፉት፣ እጥፋቱን በሁለት ጣት ቆንጥጣችሁ አውጡትና በቀዳዳው ግፉት። ይገባል።

ዋጋው ቆጭቶሽ ያውቃል ብትሉኝ፣ የገዛሁ ዕለት ማታ ትንሽ። የመጀመሪያው ረድፍ ካለቀ ወዲህ ግን ጭራሽ። ሌላ ፓኬት ባገኝ ለእህቴ እገዛላት ነበር፤ የእኔን እንዳላውሳት አትመልስም።

በቀጭን ክር የሶፋ ዳንቴል የምትሠሩ ግን ይህንን አትግዙ። ትንሹም ቢሆን ይወፍርባችኋል፤ ስፌቱን ይከፍተዋል። በቁጥር የሚሸጠውን ደነዝ መርፌ ፈልጉ፤ እዚያ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል። ሻጩ በተቃራኒው ቢነግራችሁ አትመኑት።