ስታርሺፕ፦ ከፕሮምፕት ጣጣ የገላገለኝ ፕሮግራም

ላፕቶፑን የተረከብኩት ከሥራ ባልደረባዬ ነው፣ ከነሙሉ ኮንፊጉ (ቅንብሩ)። ተርሚናሉን ከፍቼ ምንም ሳልጽፍ ኢንተር ስጫን «ሲንታክስ ኤረር» ይለኛል። ኤልኤስም ብል ሲዲም ብል ያው ነው። ኮማንዱ በደንብ ይሠራል፤ ከሥሩ ግን ያቺ የኤረር መስመር አትቀርም።

ባሽን (ተርሚናሉ ውስጥ ኮማንድ የሚቀበለውን ፕሮግራም) የኮንፊግ ፋይሉን፣ ባሽአርሲን፣ እንዳያነብ በሚያደርገው በኖአርሲ አማራጭ ሳስነሳው ኤረሩ ጠፋ። ስለዚህ ጣጣው የባሽ ሳይሆን የኮንፊጉ ነው ማለት ነው። ባሽ ፕሮምፕቱን (ኮማንድ ከሚጻፍበት ቦታ ፊት የሚታየውን ጽሑፍ) ከማሳየቱ በፊት ሁልጊዜ የሚያስኬደው «ፕሮምፕት ኮማንድ» የሚባል ቫሪያብል አለ። በኤኮ ኮማንድ አውጥቼ አየሁት። አንዱ የኮንፊግ ፋይል በሴሚኮለን ጨርሶታል፣ ሌላው ፋይል በሴሚኮለን ጀምሮ ቀጥሎበታል። ሁለት ሴሚኮለን ጎን ለጎን ሲመጣበት ባሽ ያኮርፋል። (ቫሪያብሉ ኤክስፖርት ከተደረገ በኖአርሲም ይከተላችኋል፤ እሱንም እዩ።)

አንዷን ሴሚኮለን ማጥፋት ይበቃ ነበር። እኔ ግን ያንን ሁሉ አውጥቼ ስታርሺፕን ጫንኩ። በጣም ወድጄዋለሁ።

ስታርሺፕ ፕሮምፕቱን የሚያዘጋጅ፣ በረስት ቋንቋ የተጻፈ፣ ነጻ ፕሮግራም ነው። ባሽ፣ ዚሽ፣ ፊሽ፣ ፓወርሼል ላይ ይሠራል። ባሽአርሲ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ትጨምራላችሁ፤ የቀረው ሁሉ አንድ የቶምል (የቅንብር ጽሑፍ) ፋይል ውስጥ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ለእኔ ቀለም ላይ ነው። የፕሮምፕቱን መልክ የሚወስነውን ቫሪያብል፣ ፒኤስ1ን፣ በእጅ ስትጽፉ የቀለም ኮዶቹን በቅንፋቸው ካልከለላችኋቸው ባሽ እንደ ፊደል ይቆጥራቸዋል። ያኔ ረጅም ኮማንድ ስትጽፉ ጽሑፉ ወደ ታች መውረዱ ቀርቶ በራሱ ላይ ይደረባል። ስታርሺፕ ይህን ራሱ ይጨርሰዋል።

ፕሮምፕቱ ከዘገየባችሁ «ስታርሺፕ ታይሚንግስ» በሉት፤ የትኛው ሞጁል (የፕሮምፕቱ ክፍል) ጊዜ እንደሚበላ ይነግራችኋል። የሚያስኬደውን ኮማንድ የሚጠብቀው 500 ሚሊሰከንድ ነው። ጊት (የኮድ ለውጥ መዝጋቢ) ያለበት በጣም ትልቅ ፎልደር ውስጥ ያ ላይበቃ ስለሚችል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ቁጥሩን ቶምሉ ላይ ከፍ ማድረግ ይቻላል።

የማይመቸኝ ነገር፣ ምልክቶቹ በትክክል እንዲታዩ ነርድ ፎንት (ተጨማሪ ምልክቶች ያሉት ፎንት) ይፈልጋል። ከሌለ ባዶ አራት ማዕዘን ታያላችሁ። ደግሞ ባሽአርሲያችሁን ስታርሺፕ ወዳልተጫነበት ማሽን ከወሰዳችሁ ገና ስትገቡ «ኮማንድ ኖት ፋውንድ» ይላችኋል። መስመሯን ፕሮግራሙ መኖሩን በሚያጣራ ኢፍ ውስጥ አስገቧት። ሰርቨር ላይ ግን እኔ ጭራሽ አልጭነውም፤ እዚያ የማሽኑን ስም እና ያለሁበትን ፎልደር የሚያሳይ ተራ ፒኤስ1 ይበቃኛል።