የስፐርም ለጋሽ ምርመራ፦ ከባንክ ልግዛ ወይስ የማውቀውን ሰው ልጠይቅ?

አሜሪካ ሆናችሁ በለጋሽ ዘር ለመውለድ ለወሰናችሁ እህቶች ነው የምጽፈው። የቁመቱና የዲግሪው ነገር ይቆየን። እዚህ የማወዳድረው ምርመራውን ብቻ ነው።

በተላላፊ በሽታ በኩል ባንክ ይበልጣል። ኤፍዲኤ፣ ማለትም የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ማንነቱ ያልተገለጸ ለጋሽ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝ፣ ለጨብጥ፣ ለክላሚዲያና ለሌሎችም እንዲመረመር ያስገድዳል። ከዚያ ናሙናው ቢያንስ 6 ወር በረዶ ውስጥ ይቀመጥና ሰውየው ተመልሶ ይመረመራል፤ ነፃ ከሆነ ብቻ ይሸጣል። ኤችአይቪ ገና በያዘው ሰሞን ምርመራ ላይታይ ስለሚችል ይህ ቆይታ ትልቅ ነገር ነው። የምታውቁት ሰው በክሊኒክ ከሰጠም ይመረመራል፣ 6 ወር ማቆየቱ ግን ግዴታ አይደለም። እናንተ ጠይቁ። ቤት ውስጥ በስሪንጅ ከሆነ ግን ማንም አይቆጣጠርም፤ እባካችሁ ተዉት።

ዘረመሉ ላይ ነገሩ ይለያል። ኤፍዲኤ የዘረመል ምርመራ አያስገድድም፤ ስለዚህ ባንክ ከባንክ ይለያያል። አንዱ ጥቂት በሽታ ብቻ ያያል፣ ሌላው ከ250 በላይ። እዚያው ባንክ ውስጥ እንኳ የቆየ ለጋሽ የተመረመረው በአጭሩ ዝርዝር ሊሆን ይችላል። ፋይሉን ስትከፍቱ መጀመሪያ የምርመራውን ቀን እዩ። ከዚያ ገጹ ሙሉ «ኔጌቲቭ፣ ኔጌቲቭ» እያለ ይወርድና አንዱ መስመር ላይ «ተሸካሚ» ይላል፤ ጉድለቱን ይዞ ራሱ ግን የማይታመም ማለት ነው። አትደንግጡ፤ ብዙ ሰው የሆነ ነገር ተሸካሚ ነው። ችግሩ እናንተም የዚያው በሽታ ተሸካሚ ከሆናችሁ ነው፤ ያኔ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። ስለዚህ ለጋሽ ከመምረጣችሁ በፊት ራሳችሁ ተመርመሩ።

ለእኛ ደግሞ ሌላም አለ። ሀበሻ ለጋሽ ማግኘት ከባድ ስለሆነ ብዙዎቻችን አፍሪካ አሜሪካዊ እንመርጣለን። እነሱ ዘንድ ከሚወለዱ 13 ልጆች አንዱ ገደማ ሲክል ሴል የሚባለው በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታ ተሸካሚ ነው። ደጋው አገራችን ላይ ይህ በሽታ ብዙም ስለማይሰማ ለመጠየቅ ትዝ አይለንም። የእሱም የእናንተም የሂሞግሎቢን ምርመራ ይታይ።

የምታውቁት ሰው የሚበልጥበት ቦታ አለ፦ የቤተሰብ ታሪክ። እናቱ ከ5 ዓመት በኋላ የጡት ካንሰር ቢይዛቸው ስልክ ደውሎ ይነግራችኋል። የባንኩ ለጋሽ ግን የሰጠው ታሪክ ያኔ የሞላው ቅጽ ላይ ያለው ነው፤ ካላሳደሰው እናንተ ጋ አይደርስም።

እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የዴንማርኩ ጉዳይ ልቤን ሰብሮታል። ለጋሹ ራሱ ጤነኛ ነበር፣ ግን ከፊሉ ዘሩ ውስጥ ካንሰር የሚያመጣ፣ ቲፒ53 በሚባለው ጂን ላይ ያለ ጉድለት ነበረበት። የተለመደው ምርመራ አላገኘውም። በመላው አውሮፓ ከእሱ ዘር ቢያንስ 197 ልጆች ተወልደዋል። ብሪታንያ በአንድ ለጋሽ 10 ቤተሰብ ላይ ታቆማለች፤ አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገደብ የለም። ስለዚህ ባንኩን «ይህ ሰው ለስንት ቤተሰብ ተሸጧል? አንዱ ልጅ ቢታመም ለእኔ ታሳውቁኛላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን በኢሜይል ይላኩላችሁ። ካልላኩ ሌላ ባንክ ፈልጉ።