የፖስታ ደንብ በአንድ ገጽ፦ ስለ አንድ የጅማ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር

በጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያለ አንድ አነስተኛ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ከፎቶ ኮፒና ከማመልከቻ ጽሕፈት ጎን ለጎን ወደ ውጭ አገር ዕቃ ለሚልኩ ሰዎች ቅጽ ይሞላል፣ ካርቶን ያዘጋጃል፤ የፖስታን ደንብ ደግሞ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አሳጥሮ በጻፈበት ባለ አንድ ገጽ ወረቀት ያስረዳል። ቅጽ መሙላቱን ሌሎችም ስለሚሠሩት፣ የምገመግመው በዋናነት ያንን ወረቀት ነው።

የፖስታ ደንብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው አገልግሎት ሰጪው ራሱ በሚጠቀምበት ክፍፍል፣ ማለትም ደብዳቤ፣ አነስተኛ ጥቅል፣ ጥቅል፣ አደራ፣ ፈጣን መልእክት እየተባለ ሲሆን፣ ለልጃቸው በርበሬ ለመላክ የመጡ እናት ግን ዕቃቸው ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ አስቀድመው የሚያውቁበት መንገድ የለም። የመደብሩ ወረቀት የሚነሣው ከላኪው ጥያቄ ነው፤ ምን እንደሚላክ፣ ምን ያህል እንደሚመዝንና መቼ እንዲደርስ እንደሚፈለግ ይጠይቃል። ክብደቱ ከ2 ኪሎ ግራም ካልበለጠ፣ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ ተደምሮ ከ90 ሴንቲ ሜትር ካላለፈ፣ አንዱም ጎን ብቻውን ከ60 ሴንቲ ሜትር ካልበለጠ በአነስተኛ ጥቅል እንደሚሄድ ሲነግር፣ የክፍሉ ስም የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ትክክለኛው ቅደም ተከተልም ይኸው ይመስለኛል።

በርካታ የፈጣን መልእክት ድርጅቶች ከክብደት ሌላ ዕቃው የሚይዘውን ቦታ እንደሚያስከፍሉ ባለመደብሩ ሲያስረዳ መስማት ደግሞ ከወረቀቱም ይሻላል። ትንሽ መሶብ ይዘው ለመጡ አንዲት እናት ካርቶኑን በሜትር ለካና 40 በ30 በ25 ሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ5000 ሲካፈል 6 ኪሎ እንደሚወጣው በካልኩሌተር አሳያቸው፤ ሚዛኑ ግን 2 ኪሎ እንኳ አልሞላም ነበር። «ታዲያ ለአየሩም ልከፍል ነው?» ሲሉት፣ «አዎ እማማ፣ ለአየሩም ነው፤ አነስ ያለ ካርቶን እንፈልግ» አላቸው።

ድክመቱ ያለው የጉምሩክ መግለጫው ላይ ነው። የዓለም ፖስታ ኅብረት ይፋዊ ቋንቋ ፈረንሳይኛ በመሆኑ ሲኤን 22 የተባለው የጉምሩክ መግለጫ ቅጽ በአብዛኛው በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ይታተማል፤ መደብሩ እያንዳንዱን መስመር በአማርኛ መፍታቱ ያስመሰግነዋል። ይሁን እንጂ ዘርዘር ያለውን ሌላ የጉምሩክ መግለጫ ቅጽ በተመለከተ «ውድ ዕቃ ከሆነ ሲኤን 23 ይሞላል» ብሎ ማለፉ ለማንም አይረዳም። ሁለቱን ቅጾች የሚለየው የዕቃ ዋጋ ወሰን 300 ኤስዲአር (የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ) ሲሆን፣ የመለኪያው ምንዛሪ በየቀኑ ስለሚለዋወጥ በብር ተመንዝሮ፣ የተመነዘረበት ቀንም ተጽፎ ሊቀመጥ ይገባ ነበር።

ከዚህ የባሰው ስለ ስጦታ የተጻፈው ነው። ወረቀቱ «ስጦታ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግን ብቻ ይመክራልና አንባቢው ቀረጥ ቀረልኝ ብሎ ይሄዳል። ለምሳሌ በጀርመን ከግለሰብ ለግለሰብ የተላከ ስጦታ ከቀረጥ ነጻ የሚሆነው እስከ 45 ዩሮ ድረስ ሲሆን፣ ቡና ከሆነ ደግሞ የነጻው መጠን 500 ግራም ብቻ ነው። ቡና ከሚላክባት ከጅማ የሚወጣ መመሪያ ይህንን ማጣቱ ያስገርማል! ላኪው እዚህ ሙሉ ኪሎ ቆልቶ፣ አሽጎ ሲልክ፣ ቀረጡ የሚጠየቀው እዚያ ተቀባዩ ነው።

ስለተከለከሉ ዕቃዎች የተጻፈው አጭርና በቂ ነው፤ ለብቻው የሚላክ ፓወር ባንክና ሽቶ በስማቸው ተጠቅሰዋል።

የመደብሩ ክፍያ መጠነኛ ነው፤ አገልግሎቱንም በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ ዕቃ ለሚልክ ሰው እመክራለሁ። ዕቃው ለፍተሻ ስለሚከፈት ካርቶኑ ሳይታሸግ መምጣት እንዳለበት የሚናገረው መስመር ግን በወረቀቱ ግርጌ በደቃቅ ፊደል መቅረቱ ተገቢ አይደለም፤ በሚቀጥለው እትም ከሁሉ በላይ፣ በጉልህ ቢጻፍ ብዙ ፕላስተር ይተርፋል።