የሐዋሳው የቴአትር አልባሳት ክምችት፦ ልብሱ ጥሩ፣ አቀማመጡ ይስተካከል

ለሐዋሳ አማተር የቴአትር ቡድኖች ልብስ በነፃ የሚያውሰው ይህ ክምችት ወጪው የሚሸፈነው በአንድ በጎ አድራጊ ነው። ትልቁ ጥንካሬው ዘመን መጠበቁ ነው። ለዓድዋ ዘመን (1888 ዓ.ም.) ትዕይንት የሚሰጡት ኩታና ጃኖ በእጅ ከተፈተለ ጥጥ የተሠሩ ናቸው፤ ክሩ ወጣ ገባ ስለሆነ በመድረክ መብራት አያብለጨልጭም። ገበያውን የሞላው ፖሊስተር ግን ከሩቅ ያሳብቃል። አለባበሱንም ያሳያሉ፦ በለቅሶ ትዕይንት የነጠላው ጥበብ ወደ አንገት ይወጣል፤ ይህን የሚሳሳት ተዋናይ ብዙ ነው።

አቀማመጡ ላይ ግን ቅር ያሰኛል። ከባዱ የከፋይ ካባ በቀጭን የሽቦ መስቀያ ተንጠልጥሏል፤ የራሱ ክብደት ትከሻውን ይተረትረዋል። አግድም ተኝቶ እጥፋቱ ውስጥ የታጠበ አቡጀዲድ ቢገባበት ይሻላል። የላስቲክ መሸፈኛውም በክረምት እርጥበት አፍኖ ሻጋታ ያመጣል፤ ሐይቁ ቅርብ ነውና። በጎ አድራጊው ሌላ ካባ ከሚገዙ ሰፊ መደርደሪያ ቢያሠሩ!

የምትዋሱ ቡድኖች፣ መርፌ ቁልፍ ልብሱ ላይ አትተዉ፤ ላብ ሲያገኘው ይዝግና የማይለቅ ነጥብ ያትማል። ጃኖ ከማጠባችሁ በፊት ቀዩን ጥለት በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ሞክሩ። ቀለም ከለቀቀ ውሃ አታስነኩት።