ባሕር ዳር ላይ ጀምበር ስትጠልቅ ለማየት የት መቀመጥ ይሻላል?

ባሕር ዳር ውስጥ ስለ ጀምበር መጥለቂያ ከተጠየቀ ሁሉም ሰው ወደ ሐይቁ ይጠቁማል። ጣና ግን ከተማዋን የሚያዋስናት በምዕራብ ሳይሆን በሰሜን በኩል ነው። ይህን ሳያስተውል መሀል ከተማ ሐይቅ ዳር የተቀመጠ ሰው፣ ውሃ ላይ ስትወርድ አያታለሁ ብሎ የጠበቃት ፀሐይ በስተግራው ከዛፍና ከቤት ጀርባ ትሰወርበታለች። ቦታ ከመምረጥ በፊት ወሩን ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ አቅጣጫ አትጠልቅም። መስከረም 12 እና መጋቢት 11 አካባቢ በቀጥታ ወደ ምዕራብ ትወርዳለች። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ከዚያ 24 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ትሸሻለች፤ ሰኔ አጋማሽ ላይ ደግሞ በዚያው ልክ ወደ ሰሜን ታጋድላለች። ስለዚህ ከመሀል ከተማው ዳርቻ ፀሐይዋ ለሐይቁ በጣም የምትቀርበው በሰኔና በሐምሌ ነው። ያኔ ግን ክረምቱ ይገባና አመሻሹ አብዛኛውን ጊዜ በደመና ይሸፈናል። በጋ ላይ ሰማዩ ይጠራል፣ ፀሐይዋ ግን ወደ የብሱ ታደላለች። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በበጋ ወደ ምሥራቅ ተሻግሮ ውሃውን በራስና በፀሐይዋ መካከል ማድረግ።

ለዚህ የሚመቸው ከመሀል ከተማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከጣና ሆቴል ጀምሮ ወደ አባይ መውጫ የሚዘልቀው የሐይቅ ዳርቻ ነው። እዚህ ፊትዎን ወደ ምዕራብ ቢያዞሩ የባሕር ዳር ወሽመጥ ከፊትዎ ተዘርግቶ ይታያል። ብርሃኑ በውሃው ላይ ረጅም መስመር እየሠራ እስከ እግርዎ ይደርሳል። በደንገል ታንኳ ላይ የተቀመጠ ዓሣ አጥማጅ በዚያ መስመር ሲያልፍ ጥላው ብቻ ይቀራል፤ ከተማዋ ውስጥ እንዲህ ያለ ትዕይንት የሚሰጥ ሌላ ዳርቻ የለም። ከጥቅምት እስከ የካቲት ለመጣ ሰው የምንመክረው የመጀመሪያ ቦታ ይህ ነው። አንድ ምሽት ብቻ ያለው ሰው ሌላ ቦታ መፈለግ የለበትም። በአካባቢው ባሉት ሆቴሎች ለመቀመጥ ሲፈልጉ ግን በር ላይ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ውሃ ዳር ያለው መቀመጫ ለውጭ እንግዳ ክፍት መሆኑንና መግቢያ የሚከፈል መሆኑን። ጠረጴዛ ሲመርጡም ዛፍ ሥር ያለውን ይተዉት። ከሰዓት በኋላ ጥላው ደስ ይላል፣ የመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ላይ ግን ቅርንጫፉ ፀሐይዋን ይጋርዳል።

ሰዓቱን በትክክል ማወቅም ግድ ነው፤ በባሕር ዳር በዓመቱ ውስጥ አንድ ሰዓት የሚጠጋ ልዩነት አለ። ኅዳር አጋማሽ ላይ ፀሐይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ5 ሳይሞላ ትጠልቃለች። መስቀል ሰሞን 12 ሰዓት ከ24 ገደማ፣ ጥር መጨረሻ 12 ሰዓት ከ34፣ መጋቢት 11 ላይ 12 ሰዓት ከ40፣ ሐምሌ መጀመሪያ ደግሞ 1 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ነው። ከዚህ ሰዓት ቢያንስ 40 ደቂቃ ቀድመው ይቀመጡ። ከጠለቀች በኋላም ወዲያው አይነሱ። ጥሩው ቀለም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ፀሐይዋ ከአድማስ በታች ከሆነች ከአሥር ደቂቃ በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ከታች የሚመጣው ብርሃን ከፍ ያለውን ደመና ይነካዋል። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ወደ አድማስ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው፤ ድንግዝግዙም አጭር ነው። ከጠለቀች ከ25 ደቂቃ በኋላ ጨልሟል ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ምርጫ ቤዛዊት ነው። ወንዙን ለማየት የፈለገ ሰው ግን አንደኛ ሊያደርገው ይገባል። ኮረብታው ከአባይ ማዶ፣ ከድልድዩ በስተደቡብ ይገኛል። አናቱ ላይ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት አለ። ከዚያ ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲያዩ አባይ ከሥር እየተጠማዘዘ ያልፋል፣ ከወንዙ ማዶ ከተማዋ በዛፍ ተሸፍና ትታያለች፣ ከከተማዋ ኋላ ጣና ይዘረጋል። በበጋ ፀሐይዋ ከሐይቁ በስተግራ፣ በየብሱ በኩል ነው የምትጠልቀው። ይህ ግን እዚህ ጉዳት የለውም፤ ከከፍታ ስለሚያዩ ትዕይንቱ ፀሐይዋ ብቻ አይደለችም። ዝቅ ያለው ብርሃን ወንዙን በጎን ሲመታው ውሃው ከመሬቱ ተለይቶ ይበራል፤ ያ ብርሃን ከመጥለቋ 30 ደቂቃ ገደማ ቀድሞ ይጀምርና ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ያበቃል። ስለዚህ ቤዛዊት ላይ ዘግይቶ መድረስ ማለት ግማሹን ማጣት ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከከተማ 10 ሰዓት ተኩል መነሳት፣ ኮረብታው ላይ 11 ሰዓት ከሩብ መገኘት ጥሩ ነው።

የሚሄዱት በባጃጅ ከሆነ በኮንትራት ይያዙ፤ ዋጋውንም ለመሄጃ ብቻ ሳይሆን ለመጠበቂያና ለመመለሻ ጭምር ከመነሳትዎ በፊት ይጨርሱ። ኮረብታው ላይ ምሽት ላይ ሌላ ባጃጅ የማግኘት ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ መሄጃውን ብቻ ከፍሎ ሹፌሩን የሸኘ ሰው በጨለማ በእግሩ መውረድ ሊገጥመው ይችላል። ቤተ መንግሥቱ በጥበቃ ሥር ነው፣ ፎቶ ማንሳትም አይፈቀድም። ካሜራዎን ወደ ወንዙና ወደ ከተማዋ ብቻ ያዙሩ፤ ስልክ ከማውጣትዎ በፊትም ለጠባቂዎቹ ሰላምታ ሰጥተው የት መቆም እንደሚቻል ይጠይቁ። እንዲህ ያደረገ ሰው ብዙ ጊዜ ጥሩውን ቦታ ራሳቸው ያሳዩታል። ኮረብታው ላይ የሚሸጥ ነገር አገኛለሁ ብለው አይውጡ፤ ውሃና ነጠላ ወይም ሹራብ ይያዙ። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነዎት፣ ፀሐይዋ እንደገባች ንፋሱ ይቀዘቅዛል።

አዲሱ የአባይ ድልድይ የተመረቀው በግንቦት 2016 ዓ.ም. ነው። ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ስፋቱ 43 ሜትር ሲሆን ለእግረኛ በቂ መንገድ አለው። ለጀምበር መጥለቂያ ግን ብዙዎች የሚያስቡትን ያህል አይደለም። ድልድዩ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋ ስለሆነ ፀሐይዋ በከተማው በኩል፣ በመንገዱ አቅጣጫ ትወርዳለች፤ ወንዙ ደግሞ በግራና በቀኝ ነው። ጥቅሙ ሌላ ነው። በሰሜኑ የእግረኛ መንገድ ቆመው ወደ ላይ፣ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ቢመለከቱ የሰማዩን ቀለም ውሃው መልሶ ያሳይዎታል፤ ትንሽ ቢቆዩ ደግሞ የድልድዩ መብራት ይበራል። እንግዲህ ድልድዩን ለፀሐይዋ ሳይሆን ከእሷ በኋላ ላሉት ሃያ ደቂቃዎች ይምረጡት። ፎቶ ስለማንሳት እዚህም ጥበቃዎችን መጠየቅ ይሻላል።

ማንጎ ፓርክና በመሀል ከተማው ያሉት የሐይቅ ዳር መዝናኛዎች ለጨዋታ፣ ለጭማቂና ለቡና ጥሩ ናቸው፤ ሰውም ይበዛል። ለፀሐይ ከሆነ ከየካቲት መጨረሻ ወዲህ ይሂዱ፣ ከዚያ በፊት አይመቹም።

በጀልባ ስለመውጣት ብዙ መናገር ያስፈልጋል፤ ከሁሉ የሚያምረውም ከሁሉ በቀላሉ የሚበላሸውም እሱ ነው። ዘጌ ለአመሻሽ ሩቅ ነው። አዝጋሚ በሆነ ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ስለሚወስድ መመለሻው በጨለማ ይሆናል፤ ያንን ለጠዋት ይተዉት። ለምሽት የሚሆነው ወደ ደብረ ማርያምና ወደ አባይ መውጫ የሚወስደው አጭሩ መንገድ ነው። ደብረ ማርያም ገዳም ሴቶችም የሚገቡበት ነው፣ ከመውጫውም ጋር ጎረቤት ነው። 10 ሰዓት ከተነሱ ገዳሙን ተሳልመው በመመለሻው ላይ ሞተር አስጠፍተው ፀሐይዋን ከውሃው መሀል ማየት ይቻላል። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሳል፤ ማዕበሉ ከበዛ ጉዞውን ለነገ ማሳደር እንጂ ከጀልባ ነጂው ጋር መከራከር አይገባም። ከመሳፈርዎ በፊት ለእያንዳንዱ ሰው የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩን በዓይንዎ ይዩ። ዋጋውን ለጀልባው እንጂ ለሰው አይዋዋሉ፤ የመመለሻ ሰዓቱንም ቆርጣችሁ ተነጋገሩ። አባይ መውጫ ላይ ጉማሬ ስላለ ነጂውን «ጠጋ በል» ብለው አይገፋፉት።

የጉማሬው ነገር ለእግረኛም ይሠራል። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውልና ሳር ለመጋጥ ወደ የብስ የሚወጣው ልክ በዚህ ሰዓት፣ ሲመሽ ነው። ሰው ጉዳት የሚደርስበት ብዙውን ጊዜ በጉማሬውና በውሃው መካከል ሲገባ ነው። ስለዚህ በወንዙ ዳርና በመውጫው አካባቢ ቄጠማና ደንገል በበዛበት ቦታ ፀሐይዋ ከጠለቀች በኋላ በእግር አይንሸራሸሩ፤ ወደ ተሠራው መንገድ ይመለሱ። ትንኝም አለ። በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የወባ ወቅት ነውና ረጅም እጅጌ ይልበሱ፣ ቅባትም ይቀቡ።

የሰማዩን ጥራት በተመለከተ ከሁሉ የሚሻለው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ነው። ዝናቡ አየሩን አጥቦታል፣ ከፍ ያለ ስስ ደመናም አልፎ አልፎ ይቀራል፤ ሐይቁም ሞልቶ ስለሚሆን ውሃው እስከ ዳርቻው ድንጋይ ይደርሳል። ከጥር ወዲህ አቧራውና የእርሻ ጭሱ ይከማቻል። ያኔ ፀሐይዋ አድማስ ሳትነካ ገና ከፍ ብላ ትደበዝዛለች፤ ስለዚህ በእነዚህ ወራት ከተለመደው 20 ደቂቃ ቀድመው ይዘጋጁ። ግንቦት ላይ ሐይቁ ስለሚቀንስ በአንዳንድ ቦታ ጭቃው ይገለጣል።

በስልክ ለሚያነሱ፦ ስክሪኑ ላይ ፀሐይዋን ሳይሆን ከጎኗ ያለውን ሰማይ ይንኩ፣ ከዚያ ብርሃኑን በጣት ወደ ታች ይቀንሱ። ይህ ካልተደረገ ሰማዩ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ቀለሙም ይጠፋል። ዙም አይጠቀሙ። በታንኳ ላይ ያለን ሰው ቀረብ ብለው ከማንሳትዎ በፊት ያስፈቅዱ።

ዓሣ ለመብላት የሚፈልግ ደግሞ ቁጭ እንዳለ ይዘዝ። ሙሉ ቆሮሶ ተጠብሶ እስኪመጣ ጊዜ ይወስዳል፤ 12 ሰዓት ላይ ያዘዘ ሰው ዓሣው የሚቀርብለት በጨለማ ነው። ጉላሽ ወይም ለብለብ ይፈጥናል።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት የተነሳ የእንቅስቃሴ ሰዓት ገደብ ሲወጣና ሲነሳ ቆይቷል፤ ባጃጅ የሚሠራበት ሰዓትም እንዲሁ ይለዋወጣል። የዕለቱን ሁኔታ ጠዋት ከሆቴልዎ እንግዳ ተቀባይ ይጠይቁ። ገደቡ ቀድሞ የሚጀምር ከሆነ ቤዛዊትንና ጀልባውን ይተዉና ካረፉበት በእግር የሚደረስ የሐይቅ ዳርቻ ላይ ይቀመጡ።