በጣና ላይ ከአያቶች ጋር፦ የትኛው የጀልባ ጉዞ ይሻላል?

የልጅ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ባሕር ዳር የመጡ አያቶችን ጣናን ሳያሳዩ መሸኘት ለብዙ ቤተሰብ የሚከብድ ነገር ነው። ሐይቁ ግን 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋና 37 ደሴቶች ያሉበት በመሆኑ በአንድ ቀን አይዳረስም፤ መምረጥ ግድ ይላል። ባለጀልባዎች በአብዛኛው የሚያቀርቧቸው ጉዞዎች ሦስት ናቸው፦ ወደ ዓባይ መውጫና ወደ ደብረ ማርያም የሚደረገው አጭር ጉዞ፣ ግማሽ ቀን የሚወስደው የዘጌ ጉዞ፣ እንዲሁም ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ወይም ወደ ናርጋ ሥላሴ የሚያደርሰው የሙሉ ቀን ጉዞ። ብዙ ቤተሰቦች የሚመርጡት የገዳሙን ዝና አይተው ነው። አያቶች አብረው ሲሄዱ ግን ከዝናው በፊት ሦስት ነገሮች መታየት አለባቸው ብዬ አምናለሁ፤ እነሱም የአያቶቹ ጉልበት፣ የሐይቁ ነፋስና ሴት አያት በሚደርሱበት ገዳም መግባት መቻላቸው ናቸው።

ከጉዞዎቹ ሁሉ ቀላሉ ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት ስፍራ የሚደረገው ነው። መሄጃው አጭር ነው፤ ዳርና ዳሩን የበቀለው ደንገል፣ በታንኳ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች፣ ወፎችና ብዙ ጊዜም ጉማሬዎች ይታያሉ። ከመውጫው አጠገብ ያለው የደብረ ማርያም ደሴት ወንድም ሴትም የሚገባበት ስለሆነ ቤተሰቡ ተነጣጥሎ አይቀርም። መራመድ ለሚያዳግታቸው፣ ውኃ ለሚፈሩ ወይም ትንንሽ ሕፃናት ላሉበት ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። የሚጎድለው ነገር ቢኖር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አይቶ መጥገብ ለሚፈልግ ሰው ከዘጌ ጋር አለመተካከሉ ነው። ጉማሬን በተመለከተ ልጆችን ለማስደሰት ብሎ በጣም የሚጠጋ ጀልባ ነጂ ካጋጠመ በትሕትና ግን በቁርጥ ማስቆም ይገባል፤ ጉማሬ ጀልባ ሊገለብጥ የሚችል እንስሳ ነውና።

መራመድ የሚችሉ አያቶች ላሉት ቤተሰብ ግን ምርጫዬ ያለ ጥርጥር ዘጌ ነው። ዘጌ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ የሚያስኬድ ልሳነ ምድር ሲሆን፣ በጫካው ውስጥ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያምና ሌሎችም ገዳማት ይገኛሉ። ከእነዚህ የዑራ ኪዳነ ምሕረት ስም ገናና ነው። ክብ በሆነው ቤተ ክርስቲያን መካከል የቆመው የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሞላ ነው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት፣ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስና የበላዔ ሰብ ታሪክ ሁሉ በዚያ አሉ። አያቶች ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰሙት የኖሩትን ገድልና ተአምር በጣታቸው እያመለከቱ ለልጅ ልጆቻቸው የሚተርኩበት እንዲህ ያለ ቦታ በቀላሉ አይገኝም፤ በተለይ በውጭ አገር ያደጉ ልጆች ከማንኛውም አስጎብኚ ይልቅ ከአያታቸው አፍ ቢሰሙት ይበልጣል። መንገዱም ለብቻው ደስ ያሰኛል። አካባቢው በዛፎች ጥላ ሥር በበቀለ ቡና የተሸፈነ ሲሆን፣ ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው ከአቡነ በትረ ማርያም በትር የተገኙ ናቸው የሚለውን ትውፊት የአገሩ ሰዎች አሁንም ይናገራሉ። ለጠላ የሚሆን ጌሾ ለሚመርጡ ሴት አያት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ይሁን እንጂ የዘጌ ዳገት መታወቅ አለበት። ከጀልባ መውረጃው እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያለው መንገድ በጤነኛ ሰው እርምጃ ከሩብ ሰዓት እስከ 20 ደቂቃ የሚያስኬድ፣ ድንጋያማና በየቦታው ሽቅብ የሚያስወጣ ነው፤ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሰው ጊዜው እጥፍ ይሆናል። ምርኩዝ፣ የማያንሸራትት ጫማና እያረፉ መሄድ ያስፈልጋል። ይህ የሚከብድ ከሆነ ለሐይቁ ይበልጥ የሚቀርበውን አዝዋ ማርያምን መጠየቅ ጥሩ መፍትሔ ነው፤ እዚያም ሥዕል አለ፣ ድካሙም ያንሳል። ወሩ በገባ በ16 ኪዳነ ምሕረትን፣ በ21 ደግሞ ማርያምን መሳለም አያቶችን እጅግ ያስደስታቸዋል፤ በእነዚያ ቀናት ግን ሕዝብ ስለሚበዛ ሥዕሉን ረጋ ብሎ ማየት የፈለገ ሌላ ቀን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ከዘጌ ጋር ተጣምረው የሚሸጡትን ማረፊያዎች በጥንቃቄ መመልከት ይገባል። ክብራን ገብርኤል ሴቶች የማይገቡበት ገዳም ነው። ይህ አስቀድሞ ሳይነገር ጉዞው ከተገዛ ወንድ አያት ወጥተው ሲሳለሙ ሴት አያት ከእናትና ከልጃገረዶች ጋር ጀልባ ውስጥ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፤ ሥርዓቱ የገዳሙ ነውና ሊከበር ይገባል፣ ነገር ግን ለቤተሰብ ቀን የሚስማማ አይደለም። ከክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ሴቶችንም ስለሚቀበል በምትኩ እዚያ እንዲቆም ጀልባ ነጂውን መጠየቅ ይቻላል።

የሙሉ ቀኑ ጉዞ ለጠንካሮች ነው። የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲለደስ አፅም ያረፈበት ዳጋ እስጢፋኖስ በተራ ጀልባ መሄጃው ብቻ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ እዚያም ሴት አይገባም። በደቅ ደሴት የሚገኘውና እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ለሴቶችም ክፍት ቢሆንም መንገዱ እንደዚያው ረጅም ነው። በትንንሾቹ ጀልባዎች ላይ መጸዳጃ ቤት የለም፤ ይህ ብቻውን ብዙ አያቶችን ያስጨንቃል። ስለዚህ አያቶቹ ራሳቸው ስለት ካለባቸው ወይም ቦታውን ለማየት ሲመኙ የኖሩ ከሆነ በስተቀር አልመክርም። ከሆነ ግን ሌሊቱን አርፈው ንጋት ላይ መነሳት አለባቸው።

የትኛውም ጉዞ ቢመረጥ ጠዋት መነሳት ይበጃል። ጣና ጠዋት ጠዋት ብዙ ጊዜ የተረጋጋ ነው፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ ጀልባውን ያናውጣል፣ ውኃም ይረጫል። በ2 ሰዓት ተነስቶ ለምሳ ከተማ መመለስ የሚቻለው በአጭሩ ጉዞና በዘጌው ነው። ከወራት ደግሞ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ያሉት ጥቅምትና ኅዳር ምድሩ አረንጓዴ፣ ሐይቁም ሙሉ የሚሆንባቸው ስለሆኑ ይመረጣሉ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ካለው የጸጥታ ችግር የተነሳ ግን ከሁሉ በፊት የአካባቢውን ሁኔታ በከተማው ከሚኖር ዘመድ ማጣራት ያስፈልጋል።

ጀልባው ራሱ ከመንገዱ ያላነሰ ልዩነት ያመጣል። በነፍስ ወከፍ ከሌሎች ጋር ተዳብሎ መሄድ ይረክሳል፤ ሆኖም ሰዓቱ የሁሉም ስለሆነ ቀስ ብለው የሚራመዱ አያቶች የሌሎችን ፊት እያዩ ይሳቀቃሉ። ሙሉ ጀልባ በኮንትራት መያዝ ቢወደድም ወጪው ለመላው ቤተሰብ ሲካፈል የሚያስቆጭ አይመስለኝም። ከመክፈል በፊት ጀልባው ጥላና መደገፊያ ያለው ወንበር እንዳለው፣ የሕፃናት ልክ ጭምር የሆኑ የላይፍ ጃኬቶች መኖራቸውንና ሞተሩ ደህና መሆኑን በዓይን ማየት ይገባል። ለአያቶች ፊተኛው ወንበር ብዙ ስለሚያነጥር ከመሐል ወደ ኋላ ማስቀመጥ ይሻላል። በየገዳሙ የሚከፈለው መግቢያ ብዙውን ጊዜ ከጀልባው ዋጋ ውጭ ስለሆነ ዝርዝር ብር መያዝ፣ ጀልባው በየማረፊያው ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅም በግልጽ መነጋገር፣ ቀሪውንም ሒሳብ ሲመለሱ ለመክፈል መስማማት ይጠቅማል።